ውሃ የማይደርሰው ጥላ ምን ይልበስ?

ግንቦት ተጋምሷል። ከሰዓት በኋላ ደመናው መሰብሰብ ጀምሯል፤ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሳይጠና ግቢያችንን ዞር ዞር ብለን የምናይበት ጥሩ ጊዜ ነው። ዛሬ ስለ ጽጌረዳ ወይም ስለ ጎመን መደብ አናወራም። የዛሬው ጉዳያችን በየግቢው ተስፋ የተቆረጠበት ቦታ ነው፦ ከጽዱ ሥር፣ ከግራቪሊያው ሥር፣ በአጥሩ ግንብ ጥግና ከጣሪያው ክፈፍ በታች ያለው ራቁት መሬት። በበጋ አቧራው ይቦናል፤ በክረምት የዝናቡ ጠብታ አፈሩን እያነሳ ግድግዳውን ጭቃ በጭቃ ያደርገዋል። ሳር ቢተከልበት ይሳሳና ይጠፋል፤ አበባ ቢተከልበት ይጠወልጋል። ብዙ ሰው በመጨረሻ ይሰለቸውና ወይ ጠጠር ያፈስበታል፣ ወይ ሲሚንቶ ያለብሰዋል።

ሲሚንቶው ከመምጣቱ በፊት ግን እስቲ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ ቦታ አረንጓዴ ሊለብስ ይችላል። ጥላ የሚወዱ፣ ድርቅ የሚችሉ፣ በምድር ላይ ተነጥፈው ወይም ተጠጋግተው አፈሩን የሚሸፍኑ ተክሎች አሉ፤ አንዴ ሥር ከሰደዱ በየቀኑ ውሃ አይጠይቁም፣ ማጨድ አይጠይቁም፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ መትከልም አያሻም። ልፋቱ ሁሉ ያለው በመጀመሪያው ክረምትና በመጀመሪያው በጋ ነው። የምናገረው በዋናነት ስለ አዲስ አበባና አየሯ ስለሚመስላቸው የደጋና የወይና ደጋ ከተሞች ነው፤ ቆላ ላላችሁትም በመካከል የምለው ይኖረኛል።

በመጀመሪያ ቦታው ለምን እንደሚደርቅ እንይ። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። ትንሽ አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ይከርማል፤ የበልጉ ዝናብም አንዳንድ ዓመት ደህና ይጥላል፣ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ይቀራል። ከዛፍ ሥር ደግሞ ይኸው ዝናብ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይደርስም። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ጽድ ወይም የፈረንጅ ጽድ ሥር ቆማችሁ ታውቃላችሁ፤ ካፊያ ሲሆን እናንተም መሬቱም አትርሱም። ያ ካፊያ ቅጠሉ ላይ ቀርቶ እዚያው ይተናል። ከጣሪያ ክፈፍ በታች ያለው ቦታም እንደዚያው ነው፤ ውሃው በአሸንዳው ይሄዳል፣ ከግድግዳው ጥግ ያለው አፈር በሐምሌ ወር እንኳ ደረቅ ሆኖ ይገኛል።

ሌላው የሥሩ ጉዳይ ነው። የዛፍ ሥር ሁሉ ወደ ታች ጠልቆ የሚወርድ የሚመስለን ብዙ ነን። ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ግን አብዛኞቹ ያሉት በላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጫፍ አልፈው ይሄዳሉ። ስለዚህ አበባዬን አጠጣሁ ብላችሁ በባልዲ ያፈሰሳችሁት ውሃ መጀመሪያ የሚጠጣው ዛፉ ነው። በዚህ በኩል ከሁሉ የሚብሰው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ የከተማችንን የማገዶ ችግር ያቃለለ ዛፍ ነው፤ ይህ ውለታው አይካድም። ነገር ግን ውሃ አብዝቶ ይስባል፣ ከቅጠሉና ከቅርፊቱ የሚወጣው ዘይትና ሌላም ንጥረ ነገር ከሥሩ የወደቀ ዘር እንዳይበቅል ያደርጋል። ባሕር ዛፍ ሥር ዘር በትኖ መጠበቅ ድካም ነው፤ እዚያ የሚያዋጣው ሥር ያበጀ ችግኝ ነው።

አሁን ወደ ፀሐይዋ እንምጣ። ይህን ነጥብ በደንብ እንድታደምጡኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከውጭ የሚመጡ የአትክልት መጻሕፍት እኛን የሚያሳስቱበት ዋና ቦታ ይህ ነው። መጻሕፍቱ የተጻፉት ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትሆን ከግንብ በስተ ሰሜን ያለው መደብ ሁልጊዜ ጥላ ነው ይላሉ። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ብቻ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ እስከ ነሐሴ አራተኛ ሳምንት ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከራሳችን በላይ አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በተቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ ከግንቡ በስተ ሰሜን ያለው መደብ በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ ያገኛል፣ በክረምት ደመናው ይሸፍንለታል፣ በበጋ ደግሞ ጥላ ውስጥ ይገባል። በታኅሣሥ አጋማሽ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን የሚጥለው ጥላ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል።

ይህ ለእኛ ጥቅም ነው። ዝናብ በሌለበት ወር ጥላ ማግኘት ማለት ትነቱ ይቀንሳል ማለት ነው። በስተ ደቡብ ያለው መደብ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል፤ ዛፍ ከሌለበት በቀር ዛሬ የምንናገርለት ቦታ አይደለም። ስለዚህ ተክል ከመምረጣችሁ በፊት አቅጣጫውን እወቁ። የጥላውን ልክ ለማወቅ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ነጭ ወረቀት መሬቱ ላይ አኑሩና እጃችሁን ከላዩ ዘርጉ። የእጃችሁ ጥላ ጣት በጣት ተለይቶ ከታየ ቦታው ፀሐያማ ነው። ደብዘዝ ካለ ከፊል ጥላ ነው። ጭራሽ ካልታየ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ነው። ይህን በግንቦትም በታኅሣሥም ማየት ይበጃል፤ ዘንድሮ ታኅሣሥን መጠበቅ ካልቻላችሁ አቅጣጫውን አስባችሁ ገምቱ።

የእርጥበቱ ፈተናም ቀላል ነው። ደህና ዝናብ በዘነበ ማግስት በመኮትኮቻ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ እዩ። ላዩ ብቻ ርሶ ውስጡ ደረቅ ከሆነ ምን ዓይነት ቦታ እንደያዛችሁ አወቃችሁ። አፈሩንም እግረ መንገዳችሁን ታዩታላችሁ። ከከተማዋ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ያላችሁ ቀይ አፈር ይበዛባችኋል፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ለመትከልም አያስቸግርም። ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ ያላችሁ ግን ጥቁሩ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፣ የለጋ ተክል ሥር ይበጥሳል፤ በክረምት ደግሞ ውሃ አቁሮ ያበሰብሳል።

የእኛ ደረቅ ጥላ ጠባዩ ይህ ነው፤ ለረጅም ወራት ደረቅ፣ ለሦስት ወር ግን እርጥብ። በዓለም ዙሪያ ለደረቅ ጥላ የሚመከሩ ተክሎች ብዙ ናቸው፤ ለእኛ ግን ሁለቱንም ወቅት የሚችል ነው የሚያስፈልገን። በጋን ችሎ በነሐሴ የሚበሰብስ አያዋጣም፤ በነሐሴ አምሮ በጥር የሚሞትም እንደዚያው።

ታዲያ የትኛው ነው የሚችለው? እኔ መልሱን የምፈልገው በመጀመሪያ አድባራትና ገዳማት ቅጥር ውስጥ ነው። የጥንት ጽድና ወይራ ባለበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስትገቡ ከዛፉ ሥር ያለውን ልብ ብላችሁ እዩ። ማንም አያጠጣውም፤ ግን ራቁት አይደለም። ከወደቀው ቅጠል መካከል ወፈር ያለ ቅጠል ያለው እንዳሁላ አለ። የሴት ቀስት የምንለው እሾሃማው ሐረግ አለ። ጥላ የሚወዱ ስስ ሳሮች አሉ፣ የፈርን ዘሮች አሉ። እነዚህን ብትመረምሩ አብዛኞቹ ውሃ የሚያስቀምጡበት ቦታ አላቸው። እንዳሁላ በቅጠሉ ያስቀምጣል፤ የሴት ቀስት ከመሬት በታች በወፈረ ሥሩ ያስቀምጣል። ችግኝ ስትመርጡም አበባውን ከማየታችሁ በፊት ሥሩንና ቅጠሉን እዩ የምለው ለዚህ ነው። የሀገራችንን ተክሎች በስማቸው ለይቶ ማየት የሚፈልግ ሰው በሰሜን ምዕራብ አዲስ አበባ ያለውን የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ቢጎበኝ ይጠቀማል። ከደን ውስጥ ግን ነቅላችሁ አታምጡ፤ ከችግኝ ጣቢያ ወይም ከጎረቤት ግቢ ቁራጭ መለመን ይሻላል።

አሁን ወደ ተክሎቹ። አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ክሎሮፊተምን እመርጣለሁ። በስሙ ባታውቁትም ታውቁታላችሁ። ረጅምና ቀጭን ቅጠል ያለው፣ ብዙ ጊዜ ነጭ መስመር የተሰመረበት፣ ከመካከሉ ቀጭን ገመድ እየለቀቀ ጫፉ ላይ ትንንሽ ልጆች የሚያወጣው ነው፤ በየሳሎኑ በማሰሮ ተሰቅሎ ይታያል። ሰው የቤት ውስጥ ጌጥ አድርጎት እንጂ የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ የተፈጥሮ ቤቱም የዛፍ ሥር ነው። ነቅላችሁ ሥሩን ብታዩ ነጭ፣ ወፍራም፣ ውሃ የቋጠረ ነው። ለዚህ ነው ሳምንታት ሳይጠጣ የሚቆየው። ቁመቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ልጆቹ መሬት በነኩበት ሥር ይሰዳሉ፤ ስለዚህ ክፍተቱን ራሱ ይሞላል። በጥቅጥቅ ጥላ ውስጥ ነጭ መስመር ያለው ለዓይን ብርሃን ይሰጣል፤ ሙሉ አረንጓዴው ደግሞ የበለጠ ጠንካራ ነው። ለሰውም ለእንስሳም መርዝ የለውም። በፀሐይ ላይ ብቻ አትትከሉት፤ ጫፉ ይቃጠላል።

ስለ ወጪው ካሰባችሁ ደግሞ ልንገራችሁ። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል ለአንድ ካሬ ሜትር 11 ያህል ችግኝ ይበቃል። አንድ ደህና ያረጀ ክሎሮፊተም በዓመት ብዙ ልጆች ይሰጣል። ጎረቤት ወይም ዘመድ ቤት ካለ ልጆቹን ለምናችሁ አሁን በግንቦት በትንንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ብትተክሏቸው በሰኔ አጋማሽ ሥር ያበጃሉ። አንድም ብር ሳይወጣ ጥግ ያለብሳል።

ቀጥሎ አስፓራገስ ነው። የሚበላው አይደለም፤ ቅጠሉ ስስ፣ ላባ የመሰለ፣ ተንጠልጥሎ የሚወርደው የደቡብ አፍሪካው ዓይነት ነው። ከሴት ቀስት ጋር ዘመድ ናቸው። ሥሩ ላይ ነጫጭ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች አሉት፤ በጋው ሲበረታ ቅጠሉ ቢጫ ቢሆን እንኳ ዝናብ ሲነካው ከሥሩ ተነሥቶ ይወጣል። ከግድግዳ ጥግና ከደረጃ ሥር ያምራል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁለት። ትንንሽ እሾህ አለው፤ ልጆች በሚጫወቱበት መተላለፊያ ላይ አይሁን። ቀይ ፍሬውንም ወፎች ይበሉትና ዘሩን ይዘውት ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ግቢያችሁ ከወንዝ ዳር ወይም ከደን አጠገብ ከሆነ ፍሬውን ሳይቀላ ልቀሙት።

ክሊቪያ ለሚታገሥ ሰው ነው። ጥቁር አረንጓዴ፣ ሰፊ ማሰሪያ የመሰለ ቅጠል አለው፤ ሲያብብ ብርቱካናማ ነው። ጥቅጥቅ ጥላ ውስጥ ከዛፍ ሥር ጋር እየተጋፋ ከሚያብቡ ጥቂት ተክሎች አንዱ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚራባ ዋጋው ወደድ ይላል። ውሃ የሚያቁር ዋልካ ግን አይስማማውም፤ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ድንጋይና ኮምፖስት በተቀላቀለበት መደብ ይተከል። ደግሞ መርዛም ነው፤ ለበዓል የመጣ በግ እዚያ አካባቢ እንዳይታሰር። ይህን የምለው ሰው ስለሚረሳው ነው፤ በጉ ገመዱ እስከፈቀደለት ድረስ ያለውን ሁሉ ይቀምሳል።

በአንድ መስመር ላይ መጥቀስ የሚገባኝ ኦፊዮፖጎን ነው፤ ሳር የሚመስል፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ አጭር፣ ከምሥራቅ እስያ የመጣ። ሳር አለመብቀሉ የሚቆጨው ሰው ይህን ይትከል፤ መታጨድ አይፈልግም። ዳር ዳሩን፣ ከፊል ፀሐይ ባለበት፣ ደግሞ አጋፓንተስ ደህና ይሆናል።

ከሀገራችን ተክሎች ለእንዳሁላ ቦታ ስጡት። በድንጋይ ካብና በአጥር ሥር ራሱ በቅሎ ሳለ እንደ አረም እየነቀልን እንጥለዋለን። ከፊል ጥላ ባለበት፣ ውሃ በማያቁር ጥግ፣ ማንም ሳያየው ይኖራል። ከደማከሴና ከበሶብላ ጋር የሚዛመዱት ፕሌክትራንተስ የሚባሉትም በደጋው ደኖቻችን ብዙ ዓይነት አላቸው፤ ቁራጫቸው በክረምት እርጥብ አፈር ላይ ሲሰካ በቀላሉ ይይዛል። እንሶስላ ደግሞ ለብቻው ነው የሚታየው። እናቶቻችን እጅና እግራቸውን የሚያሞቁበት ይህ ተክል ጥላ ይወዳል፤ ድርቅን ግን በቅጠሉ አይቋቋምም። በበጋ ከላይ ይጠፋል፣ ሥሩ ከመሬት በታች ይቆያል፣ ዝናቡ ሲመለስ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ብቻውን መሬት አይሸፍንም፤ በክሎሮፊተም መካከል እዚህም እዚያም ብትተክሉት ግን በክረምት ነጭ አበባውን ያሳያችኋል፣ በበጋ ሲተኛ ጎረቤቱ ቦታውን ይይዝለታል።

ቆላና ሞቃት ወይና ደጋ ላላችሁ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ከሁሉ የሚቀድመው ሳንሰቬሪያ ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ቅጠሉ እንደ ቃጫ የጠነከረው። ጥላውንም ድርቁንም ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ 5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ ብርድ ይጎዳዋል፣ በክረምትም ብርድና እርጥበት ሲገናኙበት ይበሰብሳል። ደጋ ያላችሁ ከግድግዳ ተጠግቶ ዝናብ በማይነካው ክፈፍ ሥር ብቻ ሞክሩት።

አሁን ቀላል መስለው ጣጣ የሚያመጡትን እንይ። ቅጠሉ ከታች ሐምራዊ፣ ላዩ ብርማ መስመር ያለው ትራደስካንሺያ በየችግኝ መሸጫው አለ። ቁራጩን መሬት ላይ ጥላችሁ ብትሄዱ ይበቅላል፤ በየአንጓው ሥር ያወጣል። በሲሚንቶ በተከበበ ጥግ እጅግ ጥሩ ነው። ክፍት በሆነ ግቢ ግን ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። በግንብ ላይ የሚወጣው አይቪና ሐምራዊ አበባ ያለው ቪንካም እንደዚሁ ናቸው፤ ደረቅ ጥላን ይችላሉ፣ ግን ማቆሚያ የላቸውም። አይቪ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይሸፍነዋል፣ በተሰነጠቀ ግድግዳ ውስጥም ሥሩን ይሰዳል። እነዚህን የተከለ ሰው የሚቆርጠውን ቁራጭ ወንዝ ዳር እንዳይጥል አደራ እላለሁ። የወፍ ቆሎ በጌጥነት የተተከለ ነበር፤ ዛሬ በሀገራችን ስንትና ስንት የግጦሽ መሬት ውጧል። ሌላ የወፍ ቆሎ ማምጣት አይገባንም።

ስለ ሳርም በአጭሩ ልናገር። ሰርዶም ሆነ ኪኩዩ የሚባለው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ፀሐይ ወዳጅ ናቸው። ዛፍ ሥር ውሃ ብታፈሱላቸው እንኳ ብርሃኑን ልትሰጧቸው አትችሉም። ጦስኝም መሬት ላይ የሚነጠፍና መዓዛው የሚያውድ ቢሆንም የተራራ ፀሐይ የለመደ ነው፤ ጥላ ውስጥ ይመነምናል።

ወደ አተካከሉ እንምጣ። ጊዜው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ያን ጊዜ የተተከለ ችግኝ እስከ መስከረም መጨረሻ ሥሩን ለመስደድ ጊዜ ያገኛል። በመስከረም ተተክሎ ወዲያው ጥቅምት የገባበት ግን በጋውን ሙሉ እናንተን ውሃ ሲጠይቅ ይከርማል። ትንንሽ ችግኝ ምረጡ። ትልቅና ያማረውን መግዛት ያጓጓል፤ ነገር ግን ለትልቅ ችግኝ ትልቅ ጉድጓድ ያስፈልጋል፣ ትልቅ ጉድጓድ ደግሞ የዛፉን ሥር ይቆርጣል። ትንሹ በሁለት ሥሮች መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ይገባል፣ ቦታውንም ቶሎ ይለምዳል። ከአውራ ጣት የወፈረ ሥር ካጋጠማችሁ አትቁረጡት፤ ጉድጓዱን ወዲህ ወይም ወዲያ ፈቀቅ አድርጉት።

ከዛፍ ሥር አፈር አምጥቶ ክምር ማድረግ የተለመደ ጥፋት ነው። ድንጋይ በዙሪያው ይደረደራል፣ አንድ ክንድ አፈር ይሞላበታል፣ አበባ ይተከልበታል። በዓመት በሁለት ዓመት ዛፉ ከላይ መድረቅ ይጀምራል፤ ሥሩ አየር አጥቷልና። ግንዱን የነካው እርጥብ አፈርም ቅርፊቱን ያበሰብሰዋል። ሙሉውን መሬት ከመሙላት ይልቅ በየጉድጓዷ አንድ እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ያረጀ ፍግ ጨምሩ። እሱ ይበቃል። ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል። ዋልካ ላይ ያላችሁ ችግኙን ከመሬቱ ወለል ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ውሃው ከአንገቱ ይሸሻል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚመለከት ነገር አለ። ግቢ በጠዋት መጥረግ የሙያ ምልክት ነው። ከዛፍ ሥር አንድ ቅጠል ሳይቀር ተጠርጎ፣ መሬቱ በመጥረጊያ ተሰምሮ ሲታይ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል። ይህን ልማድ አከብራለሁ። መሬቱን ግን የሚያደርቀው ይኸው ነው። በየጠዋቱ የምንጠርገው ቅጠል የዛፉ ምግብ ነበር፤ አፈሩን ከትነት የሚጋርደውም እሱ ነበር። ቅጠሉ ሲነሣ አፈሩ ይጋለጣል፣ ይጠነክራል፣ ዝናቡ ሲመጣ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ታጥቦ ይሄዳል። መተላለፊያውንና በረንዳውን ጥረጉ፤ ከዛፉ ሥር ያለውን ግን ተዉት። እንዲያውም ከመተላለፊያው የጠረጋችሁትን ቅጠል ወስዳችሁ በችግኞቹ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሱ፣ ከዛፉ ግንድ ስንዝር ያህል አርቁ። ንጹሕ እንዲመስል ከፈለጋችሁ ዳሩን በድንጋይ ለዩት፤ ድንጋዩ ካለ ሰው በእንክብካቤ የተያዘ ቦታ መሆኑን ያውቃል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ በትኩሱ በወፍራሙ አይነጠፍ፤ ዘይት አለው፣ በበጋ ለእሳትም አደገኛ ነው። እሱን ለብቻው ከምራችሁ እስኪበሰብስ ጠብቁት።

አትክልተኛ ካላችሁ ይህን ጉዳይ ቁጭ ብላችሁ ንገሩት። ቅጠል እንዲተው ካልተነገረው ይጠርገዋል፤ በጥሩ ልብ ነው የሚጠርገው።

መስከረም ካለፈ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው በጋ ነው። በዚህ በጋ ውሃ የግድ ነው። ሆኖም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ሥሩ ላይ ላዩን እንዲቀር ታደርጉታላችሁ፣ ዛፉም ቶሎ ይስበዋል። በአሥር ቀን አንዴ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያህል፣ ቀስ ብላችሁ እስኪጠልቅ አጠጡ። ማታ ወይም ማለዳ ይሁን። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ከበድ እንደሚል አውቃለሁ። አትክልት የታጠበበት፣ ሩዝና ምስር የታጠበበት ውሃ ሁሉ ለዚህ ይሆናል። በረኪና ወይም የዱቄት ሳሙና የገባበት ግን አይሆንም። እንደ ክሊቪያ ላሉ ለየብቻቸው ለቆሙ ተክሎች የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በምስማር በስታችሁ፣ ቂጡን ቆርጣችሁ፣ ተገልብጦ አጠገባቸው ይቀበር፤ ውሃው ላዩ ላይ ሳይባክን ወደ ሥሩ ይወርዳል።

በመጀመሪያው ዓመት ቦታው ሳሳ ብሎ ይታያችኋል። አትጨነቁ፣ አትጨምሩበትም። አረሙን ብቻ በእጅ ልቀሙ፤ በዶማ ከኮተኮታችሁ የዛፉንም የተክሉንም ሥር ትቆርጣላችሁ። በሁለተኛው ክረምት የሞተውን በክሎሮፊተሙ ልጆች ተኩ። በሁለተኛው በጋ በወር አንዴ ማጠጣት ይበቃል፤ ክሎሮፊተሙ ቅጠሉ መታጠፍ ሲጀምር ያ ምልክቱ ነው። በሦስተኛው ዓመት ተክሎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ፤ ከዚያ ወዲያ አረሙ ራሱ ብርሃን ያጣል። ያን ጊዜ ሥራችሁ በክረምት መግቢያ የጠወለገ ቅጠል መልቀምና ከመጠን በላይ የበዛውን ነቅሎ ለሚፈልግ ጎረቤት መስጠት ብቻ ይሆናል።

ለመጀመር ሙሉውን ግቢ አትያዙ። ከዛፉ ሥር ሁለት ካሬ ሜትር ያህል፣ ከመስኮት የሚታያችሁን ጥግ ምረጡ። በዚህ ሳምንት በወረቀቱ የጥላውን ልክ እዩ፣ አቅጣጫውን ለዩ፣ የክሎሮፊተም ልጆችን ከጎረቤት ለምናችሁ በፕላስቲክ ትከሉ። ሰኔ 15 አካባቢ አፈሩ በደንብ ሲርስ ወደ ቦታቸው ታወርዷቸዋላችሁ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን የቤት ኮምፖስት በጠባብ ግቢ እንዴት እንደሚበስል እንነጋገራለን።